ሙጫ ከኮረብታው ሲወርድ

ሙጫ የሚለውን ስም ያወጡለት እናቱ ናቸው። ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ የታላቅ ወንድሙን ሱሪ ጨምድዶ አልለቅ ስላለ፣ «ይሄስ ልጅ አይደለም፣ ሙጫ ነው!» አሉ፤ በዚያው ቀረ። ታላቁ አናጢ ነበር። ታናሹም እሱኑ ተከትሎ በመጋዝ ብናኝ ውስጥ አደገ፤ ጠርብ ሲላግ አይቶ ላገ፣ መሮ ሲሳል አይቶ ሳለ። ሠፈሩ እውነተኛ ስሙን ረስቶት ነበር። ለውትድርና ሲመዘገቡ ጸሐፊው «ስም?» ቢለው፣ ሙጫ ራሱ ትንሽ አሰብ አድርጎ ነው የመለሰለት።

ሁለቱ ወንድማማቾች የተፈለጉት ለመተኮስ አልነበረም። ሠራዊቱ ኮረብታ ላይ ምሽግ መሥራት ነበረበት፤ ምሽግ ደግሞ ጣሪያ ይፈልጋል። አፈርና የአሸዋ ጆንያ የሚሸከም፣ መድፍ ሲወድቅበት የማይሰነጠቅ ጣሪያ ለመሥራት እንጨት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱንም ጠመንጃና መጋዝ አስታጥቀው ላኳቸው።

ኮረብታዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ትልቋና ትንሿ። ወታደሩ ትልቋን «እትዬ»፣ ትንሿን «ልጅት» ይላቸዋል። እትዬ በእነ አናጢው እጅ ናት፤ ልጅት በተቃራኒው ወገን እጅ። በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ጠባብ ስለሆነ፣ አንዱ ወገን ጮክ ብሎ ሲያስነጥስ ሌላው ወገን «ይማርህ» ማለት ይችላል፤ ደግሞም ይል ነበር። ከበስተጀርባ፣ ሰፊው ሜዳ ላይ፣ ድርድሩ የሚካሄድበት ነጭ ድንኳን ይታያል። ከላይ ሲያዩት የተዘረጋ መሀረብ ያክላል። ጠዋት መኪኖች ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ። ሰላም ሲፈረም እያንዳንዱ የቆመበት ቦታ ድንበሩ ይሆናል ተብሎ ስለነበር፣ ታች ድርድሩ ባማረ ቁጥር ላይ መድፉ ይብሳል። ሬዲዮኛው ዜናውን ሰምቶ «ድርድሩ ወደፊት ገፍቷል» ባለ ጊዜ፣ የወጥ ቤቱ ሰው «እንግዲህ ዛሬም የሚገፋው እኛን ነው» ብሎ ድስቱን ወደ ምሽጉ ያስገባል።

ይህ የወጥ ቤት ሰው ጭልፋ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ራሱ ላይ ሰፋ ያለ ሰው ስለሆነ ስሙን የሚከራከር አልነበረም። ሙጫንና ጭልፋን ያጋጨ ምሳ በልቶ አያውቅም፤ እስኪጠግብ ይስቃል እንጂ።

«ሙጫ፣ ይሄ ጣሪያህ ወጥ ያፈስሳል?»

«የአንተን ወጥ ከሆነ ያፈስሳል፤ ውሃ ነዋ!»

ከልጅት በኩል ደግሞ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው አለ። ሪዙ ከሩቅ ስለሚታይ ሪዛሙ ይሉታል። መዶሻ በሰማ ቁጥር አፉን በእጁ ከልሎ ይጮሃል፤ «እናንተ! ጣሪያ የምትሠሩት ልታከራዩ ነው ወይ?»

ሙጫ ወራጅ ላይ እንደተንጠለጠለ ይመልሳል፤ «አዎ! ግን ለሚጮህ ተከራይ አንሰጥም!»

ሁለቱም ኮረብታ ይስቃል። ከዚያ አንዱ ይተኩሳል፤ ሳቁ ያበቃል።

የወንድማማቾቹ አሠራር ከአባታቸው የወረሱት ነበር። ከባድ ወራጅ ሲሰቀል አንዱ ትከሻውን ከሥር ያስገባል፤ ሌላው ሮጦ ባላውን፣ ማለትም ጫፉ መንታ የሆነውን የድጋፍ እንጨት፣ ያመጣና ይተክላል። ከሥር ያለው ሰው ክብደቱ ከትከሻው ወደ ባላው ሲሻገር እስኪሰማው ድረስ ንቅንቅ አይልም። ቢደክመውም፣ ቢጠሩትም፣ ዝንብ ዓይኑ ውስጥ ብትገባም። አባታቸው ቤት አንድ ሠራተኛ ደክሞት ወራጅ ጥሎ ዘወር ሲል፣ እንጨቱ የባልደረባውን እግር ሰብሮት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ የአናጢ ቤት ሸክሙን ጥሎ የሚወጣ ሰው አልተቀጠረም። ሁለቱ ወንድማማቾች ሲሠሩ ሙጫ ሁልጊዜ ትከሻ ነው፤ ታላቁ ሁልጊዜ ባላ።

የእትዬን ትልቅ ምሽግ ጣሪያ ሲሰቅሉ ጭልፋ ቆሞ ያይ ነበር። ሙጫ ከዋናው ወራጅ ሥር ገብቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ቆሟል።

«ሙጫ፣ ወንድምህ ባላውን ረስቶ ምሳ ቢሄድስ?»

«ይመጣል።»

«ባይመጣስ?»

«አንተ ማንኪያ ይዘህ ትመጣለሃ!»

«እየሳቀ ነው እኮ! አናጢው፣ ፈጠን በል፣ ይሄ ሰውዬ በሳቅ ሊያፈርስብን ነው!»

አናጢው ባላውን ተከለ፤ በመዶሻ ከሥሩ ነካ ነካ አደረገው። ሙጫ ክብደቱ ሲሻገር ትንፋሹን ለቀቀና፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ያ ዋና ወራጅ እስኪሰቀል በቅሎም ሰውም ላቡን ጨርሶ ነበር።

ሊፈረም ነው የሚለው ወሬ በጠናበት ሰሞን፣ ሻምበሉ አናጢውን ወደ ታች የእንጨት መጋዘን ላከው። የመጣላቸው እንጨት ምስጥ የበላው ስለነበር አይቶ የሚመርጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሙጫ «አብሬህ ልውረድ» አለ፤ ሻምበሉ «አንተማ ከሄድክ ከልጅት ጋር ማን ይሳደብልኛል?» ብሎ አስቀረው። አናጢው ወረደ፤ መጋዘኑ ጥግ ላይ ጆንያ አንጥፎ አደረ።

ንጋት ላይ ምድር ተንቀጠቀጠች።

ከመጋዘኑ ደጃፍ ሆኖ ሲያይ የእትዬ ጫፍ አይታይም ነበር። አቧራውና ጭሱ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶባታል። ከልጅት በኩል ሰዎች ሸለቆውን አቋርጠው እየወጡ ነበር፤ ከእትዬ የሚተኮሰው ሲያስቆማቸው፣ እንደገና ሲወጡ፣ እንደገና ሲቆሙ ይታያል። ነጩ ድንኳን ግን እንደ ወትሮው ነው፤ መኪኖች እየደረሱ ነበር። አናጢው ትከሻው ላይ አንድ ባላ አድርጎ ከቃሬዛ ተሸካሚዎች ጋር ሽቅብ ሮጠ። ለምን ባላ እንደያዘ ሲጠይቁት አላወቀም። እጁ የለመደው እሱን ነው።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ሳይደርሱ መድፉ ጸጥ አለ። ጥቃቱ ተመልሷል፤ እትዬ አልተያዘችም። ከላይ ቁስለኞች ይወርዱ ጀመር። ከመጀመሪያዎቹ ቃሬዛዎች አንዱ ላይ ጭልፋ ተኝቶ ነበር፤ አንድ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ፊቱ ዱቄት የነፉበት ይመስላል። አናጢውን ሲያይ ተሸካሚዎቹን «አውርዱኝ» አላቸው።

«ሙጫስ?» አለ አናጢው።

ጭልፋ ወሬ አያልቅበትም ነበር። አሁን ግን ቃሉን እየቆጠበ ነገረው።

«ምሰሶው ተሰበረ» አለ። «መጀመሪያ የወደቀው መድፍ ነው የሰበረው። ጣሪያው እላያችን ላይ ሊመጣ ሲል፣ ወንድምህ ትከሻውን አስገባ። እኔ፣ ሬዲዮኛው፣ ቁስለኞቹ፣ ሁላችን ከሥር ነበርን። አንድ በአንድ እየጎተቱ አወጡን። እኔን እግሬን እንጨት ይዞኝ ነበር፤ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ስደርስ ዞሬ ‘አንተ ሰውዬ፣ ጥለኸው ውጣ! ማንም አልቀረም!’ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‘ባላ ይምጣ’ አለኝ። ‘ወንድምህ እኮ ታች ነው፣ የምን ባላ ነው’ አልኩት። ‘ይመጣል’ አለኝ። ሁለተኛው መድፍ ወደቀ።»

አናጢው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሙጫ አንድ ጊዜ ተወርውሮ ቢወጣ ይወጣ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይወጣ ነበር። ከእነሱ አናጢ ቤት የወጣ ሰው ግን ሸክም ጥሎ መውጣት አልተማረም። ጭልፋ እጁን ያዘውና ከዚህ በላይ ምንም አላለም። ኋላ ላይ አናጢው ከዚያ ቀን የሚያመሰግንበትን ሲያነሳ፣ ይህን ዝምታ ከሁሉ ያስቀድመዋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተናገረ፤ ተፈረመ። ወታደሩ እርስ በርሱ ተያየ እንጂ የጨፈረ የለም። ቀጥሎ ትእዛዙ መጣ። ሁለቱም ወገኖች ፀሐይ ሳትጠልቅ ከእትዬም ከልጅትም ይወርዳሉ። ኮረብታዎቹ የማንም አይሆኑም፤ ይታጠራሉ፤ ከእንግዲህ ሰው አይወጣባቸውም። ሙጫ ደግሞ ጣሪያው ሥር ነበር።

አናጢው ስለ ሞት አይደለም ያሰበው፤ ስለ እናቱ ነው። አባታቸውን ወንዝ ላይ ግንድ ሲያወርድ ጎርፍ ወስዶት ሬሳው አልተገኘም። እናታቸው ከዚያ በኋላ ለዓመታት በር በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ነበር። ሰው አስቀብረው ቢሆን ኖሮ አይነሱም ነበር። አሁን ሙጫም እዚያ ከቀረ፣ እኚህ ሴት ቀሪ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲነሱ ሊኖሩ ነው።

ሻምበሉን አገኘው። ሻምበሉ ክንዱ ታስሮ፣ ሰው እየሰበሰበ ነበር።

«ሻምበል፣ ወንድሜን ላውጣ።»

«ነገሩን ሰምቻለሁ። እግዜር ነፍሱን ይማር። ግን ጣሪያው ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ቢደረመስ፣ ሰላም በተፈረመ ቀን የሌላ እናት ላስለቅስ?»

«እናቴ የአባቴን ሬሳ አላገኘችም።»

ሻምበሉ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አራገፈው፤ መልሶ አደረገው።

«ፀሐይ ልጅት ጫፍ ላይ ስታርፍ ሁሉም ሰው ይወርዳል፤ አንተም ጭምር። ሰው አላዝልህም። የመጣውን ደግሞ አልከለክልም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

መጀመሪያ የመጣው ሬዲዮኛው ነው፤ አካፋ ይዞ። «ሬዲዮው ከዚህ በኋላ ለእኔ የሚነግረኝ የለም» አለ። ከዚያ ከጣሪያው ሥር ወጥተው የነበሩት ሌሎቹም መጡ፤ ራሱ የታሰረ፣ ሸሚዝ የሌለው፣ በቅጡ መቆም የማይችል ሁሉ። ጭልፋ ራሱ ተሸካሚዎቹን በልመናም በስድብም አስገድዶ ሽቅብ መልሷቸው ነበር። ቃሬዛው ላይ ተደግፎ፣ የምሽጉ በር ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ ያቀብል ጀመር። «እኔ ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ እግሬ ያመኛል» አለ።

አናጢው ጣሪያውን ዞሮ አየው። የወደቀ ጣሪያ እንደ ተቋጠረ ክር ነው፤ ጫፉን ሳያገኙ ከሳቡት ይብስበታል። የትኛው እንጨት በየትኛው ላይ እንደተኛ በጣቱ እየነካ አወቀ፤ «ይሄን ጆንያ አንሱ፤ ያንን አትንኩ፤ ያችን ማገር ቀስ ብላችሁ» አለ። የአሸዋ ጆንያው ተነሳ፤ አፈሩ ተዛቀ። ዋናው ወራጅ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አንደኛው ጫፉ መሬት ገብቷል። እሱ ካልተነሳ ከሥሩ ያለው አይወጣም። ሁሉም ተጋግዘው ገፉት። ግንዱ ያልሰማ ይመስል ዝም አለ። እንደገና ገፉት። ራሱ የታሰረው ልጅ አዞረውና ተቀመጠ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች።

ይሄኔ ከሸለቆው ነጭ ጨርቅ ብቅ አለ። ከልጅት በኩል የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከፊት የሚመራቸው ሪዛሙ ነው። ከቅርብ ሲታይ ከድምፁ ይልቅ ያረጀ ሰው ነው፤ ሪዙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ሻምበሉን ሰላምታ ሰጠው።

«ልጆቼን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ። ጠዋት ሽቦ አጥሩ ሥር የቀሩበትን ማለቱ ነው።

«ውሰድ» አለ ሻምበሉ። «ሬዲዮኛው ፈንጂ የሌለበትን ያሳይሃል።»

ሬዲዮኛው አካፋውን ጥሎ መራቸው። የሞቱትን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ሸለቆው አወረዱ። ሲጨርሱ ሪዛሙ ወዲያው አልተመለሰም። ወደ ምሽጉ ወጣ፤ አፈሩን፣ የተቀደደውን ጆንያ፣ በላብ የተጠመቁትን ሰዎች አየ።

«ምንድን ነው የምትቆፍሩት?» አለ፤ ድምፁ ጥርጣሬ ነበረበት። መሣሪያ እየቀበሩ ወይም ፈንጂ እያጠመዱ መስሎታል።

«ጣሪያ እያፈረስን ነው፤ ተከራይ አጣንለት» አለ ጭልፋ ከተቀመጠበት።

ሪዛሙ ሪዙ ውስጥ ፈገግ አለ። «ያ ተሳዳቢው ልጅ የታለ ታዲያ? ዛሬ ሲመልስልኝ አልሰማሁም።»

አናጢው ወደ ግንዱ ሥር በእጁ አመለከተው።

«እሱ?»

«ወንድሜ ነው።»

ሪዛሙ ጎንበስ ብሎ ወደ ግንዱ ሥር አየ። «ሲሳደብ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። ካፖርቱን አወለቀ፤ አጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፤ ሰዎቹን በዓይኑ ጠራቸው። «የት ጋ ልያዝ?»

አናጢው የሙጫን ቦታ ነበር የሚያሳየው፤ ሌላ ቦታ አልነበረውም። «እዚህ፣ በትከሻህ። ሰዎችህ ከጫፉ ያንሱ። እኔ ባላውን ተክዬ ክብደቱ እስኪሻገር እንዳትነቃነቅ። ብትነቃነቅ ሁላችንንም ይጨርሰናል።»

«አንተ ብቻ ቶሎ በል» አለ ሪዛሙ። «ወገቤ አርጅቷል።»

የሁለቱም ወገን ሰዎች ተደባልቀው ተሰለፉ። ጠዋት ሲተኳኮሱ የነበሩ ትከሻዎች ተጠጋጉ፤ አንዱ የሌላውን ላብ ሸተተ። «ሁፕ!» አለ ሬዲዮኛው። ግንዱ ጮኸ፤ አፈር አራገፈ፤ ተነሳ። ሪዛሙ ከሥሩ ገባ። አናጢው ባላውን ይዞ እጎኑ ሲንበረከክ የሰውየውን አንገት አየ፤ የአንገቱ ሥር ልክ እንደ ሙጫ ተገትሯል፤ ጉልበቱ ይንዘፈዘፋል። እዚያ የሚያቆየው ትእዛዝም ዝምድናም አልነበረም። ግን አልተነቃነቀም። አናጢው ባላውን ተከለ፤ ከሥሩ በድንጋይ መታው፤ ደግሞ መታው። ክብደቱ ተሻገረ። ሪዛሙ ትንፋሹን ለቆ በእጁና በጉልበቱ ወጣ።

ሙጫ እንደተንበረከከ ነበር፤ አንዱ ትከሻው ተሰብሮ። ፊቱ ግን ደህና ነው። አቧራ ብቻ ነው ያለበት፤ የሥራ ቀን ሲያልቅ እንደሚሆነው ዓይነት አቧራ። አናጢው አቅፎ አወጣው። አለቀሰ፤ ማንም ዝም በል አላለውም።

ቃሬዛ አልነበረም፤ ያለው የጭልፋ ብቻ ነው። ጭልፋ ራሱን ወደ መሬት አንሸራተተና «እሱ ይተኛ» አለ። «እኔ ሬዲዮኛው ያዝለኛል። እሱ ሬዲዮ ማዘል ለምዷል፤ እኔ ደግሞ ከሬዲዮ በላይ አወራለሁ።»

አናጢው ሪዛሙን ሊያመሰግን ዞረ። ሰውየው ካፖርቱን እየለበሰ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

«ለእኛም መንገድ አሳይታችሁናል» አለ ሪዛሙ። እጁን ዘረጋ፤ ተጨባበጡ። ከዚያ ፀሐይዋ ልጅት ጫፍ ላይ አረፈች፤ አንዱ በወዲህ፣ ሌላው በወዲያ፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ወረደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሙጫ ቤቱ ገባ። እናታቸው የአናጢ ቤቱ ውስጥ ያለውን ትልቁን የሥራ ጠረጴዛ አስጠርገው አንሶላ አለበሱት፤ እዚያ ላይ አስተኙት። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ራሳቸው አጠቡ። አቧራው ከቅንድቡ ሥር አልለቅ ሲል «ሙጫዬ» አሉ፤ ድምፃቸው የተሰበረው ያኔ ብቻ ነው። ካለቀሱ በኋላ ልጃቸው መሆኑን በእጃቸው አረጋገጡ፤ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ ሕፃን ሆኖ ወድቆ የተሰፋበትን አገጩን። ከዚያ በኋላ «ተመስገን» አሉ።

ቀብሩ ላይ እነ ጭልፋ ሁሉም ነበሩ። ሲመለሱ ቤቱ ጠበበ፤ በጠርብ ላይ፣ በመላጊያ ሣጥን ላይ፣ መሬት ላይም ተቀመጡ። አናጢው አንድ ነገር ይፈራ ነበር፤ እናቱ እነዚህን ሰዎች አይተው «እናንተ እንዴት ዳናችሁ?» ይሉ ይሆናል ብሎ። አሉም። ግን እንደፈራው አልነበረም አባባላቸው። እያንዳንዱ ፊት ቆመው፣ ራሱን በእጃቸው ይዘው፣ እንዴት እንደወጣ፣ ማን እንደጎተተው፣ ሙጫ ያኔ ምን እያለ እንደነበር አስነገሩት። ከሁሉም አንድ አንድ ነገር ለቀሙ። የሬዲዮኛውን ሲሰሙ ሳቁ እንኳ፤ ሙጫ ከግንዱ ሥር ሆኖ «ዜናውን ንገረኝ፣ ድርድሩ ወዴት ገፋ?» ብሎት ነበርና።

ከዚያ አናጢው ስለ ሪዛሙ ነገራቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«እናት አለችው?» አሉ።

«አልጠየቅኩትም፣ እማዬ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር።»

«አይ አንተ! ይሄ ይረሳል?» ብለው ተቆጡት፤ ያው የድሮ ቁጣቸው ነበር። ከዚያም፣ «ካለች፣ ልጇን በደህና ያስገባላት» አሉ። ቀና ሲሉ ጭልፋ የታመመ እግሩን ከመሬት አንስቶ በሁለት እጁ ይዞት አዩ።

«አንተ ደግሞ እንዲህ ተንጠልጥለህ ልትውል ነው?» አሉት። ወደ ጓዳ ገብተው የሙጫን ትራስ ይዘው ወጡ፤ ጭልፋ «ኧረ አይሆንም እማማ» እያለ ሲግደረደር ሳይሰሙት፣ በዝቅተኛው ወንበር ላይ አደረጉለትና እግሩን በእጃቸው አንስተው አሳረፉበት።